አዲስ ሰፈር ገብቶ ለመላመድ፦ ከዕቃ ማውረድ እስከ እድር፣ ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይ

አንድ ብሎክ ውስጥ ሦስት ዓመት ኖሮ የፊት ለፊት ጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ጠባዩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዕቃውን ያወርዳል፣ በሩን ይዘጋል፣ ከዚያ ውሃ ሲጠፋ ወይም ሰው ሲሞትበት ጎረቤት ፍለጋ ይወጣል። ያኔ ረፍዷል።

አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። አራቱን በደንብ አበላሽቻቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው በአምስተኛውና በስድስተኛው የሠራልኝ ነው። በቅደም ተከተሉ ሂዱ። እድሩን ከቡናው ካስቀደማችሁ አይሠራም፣ ቡናውን ከጥበቃው ካስቀደማችሁም እንደዚያው።

ደረጃ 1፦ ቤቱን አይታችኋል፣ አሁን ሰፈሩን እዩ

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

1. ማታ 2 ሰዓት ላይ ብቻችሁን ተመለሱ። ደላላ ቤት የሚያሳየው ረፋድ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ጀሞም ሰሚትም ጸጥ ያለ ነው። ከሥር ያለው ግሮሰሪ ሙዚቃውን የሚከፍተው ማታ ነው። ደረጃው ላይ መብራት ይኑር አይኑርም የሚታየው ማታ ነው።

2. ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ተራው ጋ ቁሙ። ሰልፉን በዓይናችሁ እዩ። የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ከሆነ ይህን እንዳትዘሉት። ቤቱ በረከሰበት ልክ መንገዱ ዕድሜያችሁን ይበላል።

3. ስለ ውሃ አከራዩን አትጠይቁ። «ውሃ አይጠፋም» ነው የሚላችሁ። ጥበቃውን፣ ወይም ደረጃ ላይ ጄሪካን ይዛ ያገኛችኋትን ሴት ጠይቁ። «ውሃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በሳምንት የትኛው ቀን ይመጣል? ሌሊት ነው ቀን? አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል?» በሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም «አለ» ይላል። እውነቱ የሚወጣው በሦስተኛው ነው።

4. ደረጃውን ለኩ። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። የደረጃውን ስፋትና መታጠፊያውን በሜትር ለክታችሁ ከቁም ሳጥናችሁና ከሶፋችሁ ጋር አስተያዩ። የኔ ቁም ሳጥን ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ ሁለት ሰዓት ቆሟል። የብሎኩ ሰው በሙሉ በሥሩ እያጎነበሰ አለፈ። ከጎረቤቶቼ ጋር የተዋወቅኩት እንደዚያ ሆኜ ነው።

5. የመጨረሻውን የውሃና የመብራት ደረሰኝ አስወጡ። ውዝፍ ካለ ስምምነቱ ላይ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ከገባችሁ በኋላ ቢቆረጥ ጨለማ ውስጥ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ።

ስለ ውሉ በአጭሩ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። «በቃል እንስማማ፣ ምን ያጨቃጭቀናል» የሚል አከራይ ከገጠማችሁ የሚያጨቃጭቃችሁ እሱ ራሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃ ማውረድ

ብዙ ሰው አዲሱን ሰፈር በጠብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አይሱዙው ብሎኩ ሥር ሲቆም ልጆች ከየት መጡ ሳትሉ ይከቡታል። ዋጋ ይጠራል። ዋጋው ያስደነግጣል። ሹፌሩ «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ሥራ አለብኝ» ይላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ተይዤ፣ ዕቃውን ከከተማው ወዲያ ጫፍ ለማምጣት ከከፈልኩት በላይ ለማውረድ ከፍያለሁ።

1. አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ። የጫኝና አውራጅ ልጆቹ አስተባባሪ ማን እንደሆነ ጥበቃውን ጠይቁ።
2. ያላችሁን ዕቃ በዝርዝር ንገሩት። ፍሪጅ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ስንት ካርቶን፣ ስንተኛ ፎቅ። ምንም አትደብቁ፤ የተደበቀው ፍሪጅ በማግስቱ ዋጋውን ያፈርሰዋል።
3. ዋጋውን «ከነፎቁ» ብላችሁ ጨርሱ። ይህቺ ቃል ካልተባለች ዕቃው መሬት ላይ ወርዶ «ፎቁ ለብቻው ነው» ይባላል።
4. ስትስማሙ ጥበቃው ይስማ። ምስክር ያለው ዋጋ አይነቃነቅም።
5. በወንድሞቻችሁና በጓደኞቻችሁ ልታወርዱ ካሰባችሁም ቀድማችሁ ንገሩት። በድንገት ሲሆን ነው ግርግሩ።

ቢበላሽ፦ መኪናው ከደረሰ በኋላ ዋጋ ቢጨምሩ ጮኻችሁ አትከራከሩ። ሹፌሩን አስጠብቁት፣ አስተባባሪውን ለብቻው ወደ ጎን ጠርታችሁ አናግሩት። በሰው ፊት ማንም ወደ ኋላ አይመለስም። ካልሆነ ለደንብ አስከባሪ ወይም በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ተናገሩ። ልጆቹን ግን ነገም ከነገ ወዲያም ደረጃው ላይ እንደምታገኟቸው አትርሱ።

ስለ አጫጫኑ አንድ ነገር። መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የምትጭኑት ጄሪካን፣ ፍራሽ፣ ሻማና ክብሪት፣ የቡና ዕቃ ይሁን። የጋዝ ሲሊንደር አፉ ተዘግቶ፣ ቆሞ ይጓዝ እንጂ ተጋድሞ አይሂድ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

1. ጥበቃውን በስሙ ጥሩት። ስሙን ጠይቁ፣ ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ንገሩት፣ ስልክ ተለዋወጡ። በዕድሜ ከገፉ «አባባ» ወይም «ጋሼ» በሉ። ለቅሶው የት እንደሆነ፣ ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ ሌሊት ማን ሰክሮ እንደገባ የሚያውቀው እሱ ነው።

2. ቆጣሪያችሁን ለዩ። ቆጣሪዎቹ አንድ ላይ ተደርድረው ከሆነ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ምድጃ ለኩሱና ወርዳችሁ የትኛው ቆጣሪ እንደሚፈጥን እዩ። ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያውን በሙሉ አጥፉና ያው ቆጣሪ መቆሙን አረጋግጡ። ለሰው ቆጣሪ ወር ሙሉ ካርድ የሞላ ሰው አውቃለሁ። ጎረቤቱ አመስግኖታል፣ ገንዘቡን ግን አልመለሰለትም።

3. ያላችሁን ጄሪካን ሁሉ ሙሉ። ውሃው ዛሬ አለ ማለት ነገ አለ ማለት አይደለም። ለሁለት ሰው ባለ 20 ሊትር አራት ጄሪካን የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ውሃ በሌለበት ሰዓት ቧንቧ ከፍታችሁ ካያችሁት መልሳችሁ ዝጉት። ክፍቱን ትታችሁት ሥራ ከሄዳችሁ ውሃው እናንተ በሌላችሁበት መጥቶ ከሥር ያለውን ቤት ያጥለቀልቃል። ይህ ከጎረቤት ለመጣላት በጣም ፈጣኑ መንገድ ነው።

4. እነዚህን ቁጥሮች በሩ ጀርባ ላይ ለጥፉ፦ መብራት 905፣ ውሃ 906፣ እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991።

5. ከድሮው ወረዳችሁ መሸኛ አውጡ። የነዋሪነት መታወቂያ ለማዛወር አዲሱ ወረዳ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። «ኋላ አወጣዋለሁ» ያለ ሰው የሚያስታውሰው ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገባ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ሱቅ፣ አንድ ጉሊት

ሱፐርማርኬት መሄድ ይቻላል። የመጀመሪያውን ወር ግን ዳቦውንም ሳሙናውንም ከአንድ ባለሱቅ ግዙ። በሁለት ሳምንት «ደንበኛ» ትባላላችሁ። ከዚያ ቁልፍ ትተውበታላችሁ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ይጠብቅላችኋል፣ ሰው ሲፈልጋችሁ ቤታችሁን ያሳይላችኋል። ሽንኩርትና ቲማቲምም እንደዚሁ፣ ከአንዷ ጉሊት። «ምርቃት» ካልጨመረችላችሁ ገና አልተላመዳችሁም ማለት ነው።

ዱቤ ግን በመጀመሪያው ወር አትጀምሩ። ከጀመራችሁም ባለሱቁ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ቆማችሁ እዩ፣ እናንተም ስልካችሁ ላይ ጻፉ። አታላይ ነው እያልኩ አይደለም። ሦስት ሰው እየከበበው «ሁለት ዘይት» እና «አንድ ዘይት» ይምታታል። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የሚታመነው የተጻፈው ነው።

ደረጃ 5፦ ቡና ጥሩ

ከሁሉም በላይ የሚዘለል ደረጃ ይኼ ነው። ሰው «እነሱ ይጥሩኝ» ብሎ ይጠብቃል። እነሱ ደግሞ «አዲሷ ኩራተኛ ናት» ብለው ይጠብቃሉ። በገባችሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት እናንተ ጥሩ።

ማንን? ፊት ለፊት ያለውን በር፣ ጎን ያሉትን፣ እና የግድ ከሥር ያለውን ቤት። ከሥር ያለው ቤት የእግራችሁን ኮቴም የቧንቧችሁንም ፍሳሽ የሚቀበል ነው። ብሎኩን በሙሉ አትጥሩ። ስኒያችሁን ቁጠሩ፣ ከዚያ አይብለጥ።

እንዴት? በስልክ አይሆንም፣ በር አንኳኩ። ያለ ብዙ ወሬ፦ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? አዲስ የገባነው ነን፣ ከላይ። እሑድ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ፣ ይምጡልኝ።»

«ውይ፣ ለምን ተቸገርሽ?» ከተባላችሁ ይመጣሉ። «እስቲ እናያለን» ከተባላችሁ ግማሽ በግማሽ ነው፤ በዕለቱ ቡናው ሲቆላ እንደገና ሄዳችሁ «ቡናው ደርሷል» በሉ። ያለ ሁለተኛው ጥሪ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ሲጠሩት እሮጦ መጣ መባልን ማንም አይወድም።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ጠዋት ጥበቃውን ጠይቁ፦ «ዛሬ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ አለ?» ይህን ሳልጠይቅ ሰባት ሰው ጠርቼ ሁለት ብቻ መጡልኝ። ፈንዲሻው ሳፋ ሙሉ ተረፈ። ለካስ ሦስት ብሎክ አለፍ ብሎ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰዉ በሙሉ እዚያ ነው። እኔ ጀበና ጥጄ ተቀምጫለሁ። ለቅሶ ካለ ቡናውን ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላልፉ።

2. የቡና ቁርሱ ለሁሉም የሚሆን ይሁን። ፈንዲሻና ቆሎ የማይበላ የለም። ዳቦ ከሆነ ቅቤና ወተት አይግባበት። ጾም ላይ ያለ ሰው መኖሩን ቀድማችሁ አታውቁም። ረመዳን ከሆነ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ቀን ላይ አትጥሩ፣ ከኢፍጣር በኋላ ያለውን ሰዓት ምረጡ።

3. ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሉ። ጭሱ ጠፍቶ ፍም ሲሆን እንኳ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ቡናው ሲያልቅም ምድጃውን መልሳችሁ ወደ በረንዳ አውጡ። «ትንሽ ያሙቀን» ብላችሁ እንዳትተዉት።

4. አቦሉ ላይ ስለ አየሩና ስለ ውሃው አውሩ። ቶናው ላይ እናንተ ጠይቁ፦ እንጀራ የምትሸጥ ማን ናት? ሐኪም ቤት የትኛው ይሻላል? እድሩ የት ይሰበሰባል? በረካው ላይ እነሱ ይጠይቋችኋል።

አትጠይቁ፦ ስንት እንደሚከራዩ። አገራቸው የት እንደሆነ። ሁለተኛው ድሮ ተራ ጥያቄ ነበር፣ ዛሬ ሰው ጀርባውን ያጠናበታል። እሷን ራሳቸው ያምጧት።

ደረጃ 6፦ እድር

«ተከራይ ነኝ፣ ለምን እድር እገባለሁ?» የሚል ሰው አለ። ያከራየ ሰው ቤቱን ያስለቅቃል እንጂ ሞትን ቀጠሮ አያስይዝም። እድር ግቡ። ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትግቡ።

1. በሰፈሩ ስንት እድር እንዳለ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ትልቁ እድር አለ፣ ለብቻው የሴቶች እድር አለ፣ አንዳንዴ የብሎኩም አለ። ትልቁ ድንኳንና ገንዘብ ነው። የሴቶቹ ዕቃና ጉልበት ነው፤ እንጀራ የሚደርሰው፣ ወጥ የሚሠራው በእነሱ ነው። ከተቻለ ሁለቱንም።

2. መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ፣ ወይም ጸሐፊው ያንብብላችሁ። አምስት ነገር ፈልጉ፦ መግቢያው ስንት ነው? ወርሃዊ መዋጮውስ? ከገባሁ ስንት ወር በኋላ ነው መብት የማገኘው? የማን የማን ሞት ይሸፈናል? ቀብርና ስብሰባ ብቀር ቅጣቱ ስንት ነው?

3. የቤተሰብ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ሙሉ። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ቅጹ ላይ «እናት፣ አባት» ሲል የሥጋ እናትና አባቴን ጽፌ ወጣሁ። አክስቴ ስታርፍ እድርተኛው መጣ፣ ድንኳን ተከለ፣ አብሮኝ አደረ። ገንዘቡ ሲደርስ ግን ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ በጣቱ ወርዶ ወርዶ «የለችም» አለ። ትክክል ነው፣ አልጻፍኳትም። ያሳደጋችሁ ሰው ካለ በምዝገባው ቀን አንሱት። አንዳንዱ እድር ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም። ቢያንስ ታውቁታላችሁ።

4. በከፈላችሁ ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ይፈረምላችሁ። በሰው እጅ ከላካችሁም ደብተሩን አብራችሁ ላኩ።

5. ቀብር መሄድ ካልቻላችሁ ተተኪ ላኩ። ስም ይጠራል፣ ያልተገኘ ይቀጣል። ከቅጣቱ ይልቅ የሚጎዳው «እሷ እኮ ብር እንጂ እግር የላትም» መባሉ ነው።

የመጀመሪያው ለቅሶ፦ ጡሩምባ ከሰማችሁ ወይም ድንኳን ካያችሁ፣ ሟቹን ባታውቁትም ሂዱ። ጠቆር ያለ ልብስ ወይም ነጠላ በቂ ነው። ገብታችሁ ለሐዘንተኛው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሉ፤ ሙስሊም ቤት ከሆነ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» በሉ። ባዶ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ስልክ አታውጡ። ሩብ ሰዓት ተቀምጣችሁ ብትነሱ ማንም አይቀየማችሁም። በሦስት ወር ሙሉ ሰላምታ ያላገኛችሁት ትውውቅ በዚያች ሩብ ሰዓት ይገኛል።

ሰፈር ብትለቁ፦ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ብዙ ሰው ሰፈር ቀይሮም በድሮ እድሩ ይቀጥላል። የማይሆንላችሁ ከሆነ ለጸሐፊው ነግራችሁ ስማችሁን አሰርዙ። ሳይነግሩ መቅረት ውዝፍና ቅጣት ይደራርባል፤ ኋላ ልመለስ ስትሉ ያንን ሁሉ ክፈሉ ትባላላችሁ።

ደረጃ 7፦ በዓል ሲመጣ

ቅርጫ መግባት ከፈለጋችሁ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጠይቁ። የበዓሉ ዋዜማ ላይ የሚጠይቅ ሰው ሥጋ ቤት ይሰለፋል። በሬውን ለመግዛት ቄራ ወይም ሸጎሌ ማን እንደሚሄድ፣ መደቡ ስንት እንደሆነ፣ የአራጁና የመኪናው ወጪ ከድርሻው ውስጥ ይሁን አይሁን ቀድማችሁ እወቁ። በዕለቱ በጠዋት የራሳችሁን ሳፋ ይዛችሁ ውረዱ። መደቡ በዕጣ ነው፤ የደረሳችሁን ውሰዱ። «ይኼ አጥንት በዝቶበታል» ማለት በመጀመሪያ ዓመት አያምርም። በሁለተኛው ዓመት ትችላላችሁ።

ነሐሴ 13 ለቡሄ ዝርዝር ብር አዘጋጁ። ሆያ ሆዬ ባዮቹ አንድ ቡድን አይደሉም፣ እስከ ማታ ይመጣሉ። በር ዘግቶ መብራት አጥፍቶ መቀመጥ አይሠራም፣ ልጆቹ ማን ቤት እንዳለ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። መስከረም 16 ለሰፈሩ ደመራ መዋጮ ሲጠየቅ ስጡና ማታ ውረዱ። ብሎኩ በሙሉ አንድ ላይ የሚቆምበት ቀን ብዙ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ጭቅጭቅ ሲነሳ

ሦስት ነገር ነው የሚነሳው፦ ውሃ፣ ድምፅና ቆሻሻ።

ጣሪያችሁ ካንጠባጠበ መጀመሪያ ፎቶ አንሱና ለአከራያችሁ ላኩ። ከዚያ ወደ ላይ ውጡ፣ ግን ለመውቀስ አይሁን። «እስቲ አንዴ ወርደው ይዩልኝ» በሉ። እርጥቡን በዓይኑ ያየ ሰው ክርክሩ ግማሽ ያልቃል። ከቤቱ ውስጥ የሚፈስ ከሆነ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ከጋራው መስመር ከሆነ ለብሎኩ ኮሚቴ ተናገሩ። የብሎኩ ቴሌግራም ላይ በፍጹም አትጻፉ። በሰው ሁሉ ፊት የተወቀሰ ጎረቤት ቧንቧውን አያሠራም፣ መልስ ነው የሚጽፈው።

ሁለቴ ነግራችሁት ካልሰማ በዕድሜ የሚከበር ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ኮሚቴ። ወረዳው የመጨረሻው ነው፤ ከወረዳ በኋላ ቡና የለም።

እናንተ ከሆናችሁ አጥፊዎቹ ደግሞ ሳትከራከሩ አስተካክሉ። እኔ ከሥሬ ያሉትን እትዬ ያስቸገርኳቸው በሙቀጫ ነበር። ማታ ማታ ነጭ ሽንኩርት እወቅጣለሁ፣ የሳቸው ጣሪያ ይደለቃል። መጥተው ነገሩኝ። በማግስቱ ጆንያ አራት እጥፍ አድርጌ ከሥሩ አነጠፍኩ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መውቀጥም ተውኩ። አሁን ድምፅ የሚያሰሙት እሳቸው ናቸው። እሑድ ከሰዓት ቡናቸው ሲደርስ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያቸውን ሁለቴ ያንኳኳሉ።